የስልክ ኒካህ እና ያልተጻፈችው ልጅ

«አሰላሙ ዓለይኩም። የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። ኤድመንተን 11 ዓመት ኖሬ የካናዳ ዜግነት ወስጃለሁ፤ አሁን እዚህ ያለሁት በቢጫ ካርድ ነው። እናቴን ስትሮክ ሲመታት ሥራዬን ትቼ መጣሁ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለቤቴ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጅቡቲ ሦስት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ። ኒካሃችን የታሰረው እኔ ከመምጣቴ አራት ወር በፊት፣ እኔ ኤድመንተን በስልክ ሆኜ፣ እዚህ አጎቴ ተወክሎልኝ ነው። ከመጣሁ በኋላ የጋብቻ ሰርተፍኬት አወጣን፤ የተጻፈው ቀን የኒካሁ ቀን ነው። አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ባለቤቴን ይዤ መመለስ እፈልጋለሁ። እህቴ ከኤድመንተን ‹መጀመሪያ አንቺ ነይ፣ አንድ ዓመት ሥሪ፣ ገቢ ሳታሳዪ ስፖንሰር መሆን አትችይም› ትለኛለች። ፎርም የሚሞላልን ሰው ደግሞ 180 ሺህ ብር ጠይቆን ሁለት ነገር መከረን። ባለቤቴ ከቀድሞ ትዳሩ የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችው፤ ሐረር ከእናቷ ጋር ናት። ‹እሷን አትጻፏት፣ ነገሩን ታወሳስብባችኋለች› አለን። የኒካሁንም ቀን ‹እኔ አስተካክለዋለሁ› አለ። ባለቤቴ ግራ ገብቶታል፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ወዓለይኩም ሰላም። አላህ እናትሽን አፊያ ያድርጋት፣ አንቺንም በሰላም ያገላግልሽ።

ከእህትሽ ምክር ልጀምር፣ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነውና። እህትሽ በቅን ልብ ብትመክርሽም ተሳስታለች። የካናዳ ዜግነት ያለው ሰው ከካናዳ ውጭ እየኖረ የትዳር ጓደኛውን ስፖንሰር ማድረግ ይችላል። የሚጠበቅብሽ ባለቤትሽ ቋሚ ነዋሪ ሲሆን አንቺም እዚያ እንደምትኖሪ ማሳመን ነው። ይህ የዜጎች መብት ነው። ዜግነት ሳይወስዱ ፒ አር (የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ) ብቻ ይዘው እዚህ የተቀመጡ አንባቢዎች ካሉ ግን ከውጭ ሆነው ስፖንሰር ማድረግ አይችሉም፤ እነሱ ተመልሰው እዚያ መኖር አለባቸው።

ገቢንም በተመለከተ ካናዳ ለባልና ሚስት የገቢ ወለል አታስቀምጥም። የሦስት ዓመት የታክስ ገቢ የሚታየው እናትና አባት ስፖንሰር ሲደረጉ ነው፤ እህትሽ የሰማችው ምናልባት ያንን ይሆናል። ወይም ደግሞ የአሜሪካውን ሰምታ ይሆናል። እዚያ ስፖንሰሩ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ ገቢ ማሳየት አለበት፣ ካልሞላለትም ሌላ ሰው አብሮት ይፈርማል። አንቺን በዋናነት የሚከለክልሽ ከአካል ጉዳት ውጭ ባለ ምክንያት የመንግሥት ድጎማ እየወሰድሽ ከሆነ፣ ከስረሽ ገና ከዕዳ ነጻ ያልተባልሽ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሌላ ባል ስፖንሰር አድርገሽ ግዴታው ያላለቀ ከሆነ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ይህን የሚመስል ነገር አላየሁም።

ስለዚህ ለወረቀት ብለሽ ነፍሰ ጡር ሆነሽ ከባልሽና ከታመመች እናትሽ የምትለዪበት ምክንያት የለም። ማመልከቻው የሚገባው በኦንላይን ነው፣ ከሳቢያንም ይገባል።

መመለስሽን የሚያሳይ ነገር ግን ያስፈልግሻል፣ እሱም እውነተኛ መሆን አለበት። የቀድሞ አሠሪሽ ወደ ሥራ እንደሚመልስሽ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እህትሽ ቤት እስክትከራዩ ድረስ እሷ ዘንድ እንደምታርፉ የጻፈችው፣ ያልተዘጋ የባንክ ሒሳብሽ፣ ስለ ቤት ኪራይ የተጻጻፍሽው፣ ትምህርት ለመጀመር ካሰብሽም የተቀባይነት ደብዳቤው። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ገጽ የራስሽ ጽሑፍ፦ መቼ፣ የት፣ በምን እየተዳደራችሁ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እንደሚመጣ እወቂ። ሥራሽን ትተሽ የመጣሽው ለእናትሽ ነው። ፋይልሽን የሚያየው መኮንን «ታዲያ ስትመለስ እናቷን ማን ይይዛል?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ለፎርሙ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ መጀመሪያ ይህን መልሺ። ከወንድም፣ ከአክስት፣ ከቀጠራችኋት ሠራተኛ ማን እንደሚሆን ቤተሰቡ ተቀምጦ ይወስን። መልሱ ገና ካልተገኘ ጥቂት ወር መቆየት ነውር የለውም። ሳትወስኚ ገብተሽ ባለቤትሽ ቪዛው ሲመታለት ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ግን ማመልከቻው የቆመበት ነገር ይፈርሳል።

አሁን ወደ ኒካሁ ልምጣ።

እ.ኤ.አ. ከጁን 11 ቀን 2015 ወዲህ ካናዳ በስልክ፣ በፋክስ፣ በኢንተርኔት ወይም በወኪል የተፈጸመ ጋብቻን ለስፖንሰርነት አትቀበልም። ሥነ ሥርዓቱ ሲፈጸም ሁለቱም ተጋቢዎች እዚያው በአካል መገኘት አለባቸው። የእኛም ሕግ ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ድሬዳዋ የፌዴራል ከተማ ስለሆነች የሚሠራባት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ እሱም ተጋቢዎች ራሳቸው እንዲገኙ ይጠይቃል፣ ውክልናን የሚፈቅደው በብርቱ ምክንያትና በፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። ይህን የምልሽ ኒካሃችሁን ለማቃለል አይደለም። በሃይማኖቱ በኩል ያለውን ቃዲው ያውቀዋል፣ እሱን ጠይቂ። እኔ የምናገረው ፋይሉን የሚከፍተው ሰው ስለሚያየው ነገር ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ቀን ፓስፖርትሽ ላይ ካለው የቦሌ ማህተም ጋር ያስተያያል። በዚያ ቀን አንቺ ኤድመንተን ነበርሽ።

ሰውየው «ቀኑን እኔ አስተካክለዋለሁ» ያለው ይህ ገብቶት ይሆናል። ግን ምን ማለቱ እንደሆነ አስቢው። ቀኑን ሊቀይር ነው፣ ያልሆነውን ሆነ ሊል ነው። በዚያ ቀን ስንት ሰው «ሙባረክ» ብሎ ጽፎልሻል? አጎትሽ፣ ምስክሮቹ፣ የአማቾችሽ ቤት፣ ሁሉም ትክክለኛውን ቀን ያውቃሉ። ቃለ መጠይቅ ቢመጣ አንቺና ባለቤትሽ ለየብቻ ነው የምትጠየቁት። የጠዋቱን ቁርስ ሳይቀር ይጠይቃሉ፤ የሠርግን ቀን እየፈጠራችሁ የት ትደርሳላችሁ?

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ሁለታችሁም በአካል ቆማችሁ፣ ከየወገናችሁ ምስክሮች ይዛችሁ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ጋብቻ ፈጽሙ፤ ያ ጋብቻ የራሱን የእውነት ቀን ይያዝ። ቀድሞ የወጣ ሰርተፍኬት ስላለ ግን ዝም ብላችሁ ሌላ አታውጡ። የቀበሌያችሁን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤትና አንድ ጠበቃ አነጋግሩ፣ የቀድሞው መዝገብ እንዴት እንደሚስተካከል ይንገሯችሁ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ሊወስዳችሁም ይችላል። አዲሱ ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበትም አትርሱ። ይህ መንገድ ቢቆለፍባችሁ እንኳ ሌላ በር አለ። ካናዳ ሳይጋቡ ቢያንስ 12 ወር ሳይለያዩ አብረው የኖሩ ጥንዶችንም ኮመን ሎው ፓርትነር ብላ ትቀበላለች፣ እናንተ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላችሁ ነው። በሁለቱም መንገድ የስልኩን ኒካህ አትደብቁት። በአጭር ደብዳቤ እንዲህ በሉ፦ በዚህ ቀን በባህላችንና በሃይማኖታችን መሠረት በወኪል ኒካህ ታሰረ፣ በዚህ ቀን መጣሁ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ አብረን እንኖራለን፣ በዚህ ቀን በአካል ተጋባን። አራት መስመር ነው።

የከበደኝ ግን የልጅቷ ነገር ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ለእሷ የሰጠሻት አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እኔ ግን ረዘም አድርጌ ላወራ ነው፤ ታገሺኝ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የማውቃቸው አንድ እናት አሉ። ልጃቸው ከዓመታት በፊት በሚስቱ በኩል ካልጋሪ ሄደ። ያኔ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ነበረው። በርጫ ላይ የሰማውን ምክር ይዞ ልጁን ሳይጽፈው ቀረ፤ «እዚያ ከደረስኩ በኋላ አስመጣዋለሁ» አለ። ደርሶ ሲያመለክትለት ተከለከለ። ምክንያቱ ሁለት መስመር ነበር፦ አባትየው ራሱ ሲገባ ልጁን አላስታወቀም፣ ልጁም በሐኪም አልታየም። ባለፈው ዓመት ቤታቸው ሄጄ ነደባው (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ) ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት መጣ፣ 15 ዓመቱ ነው አሁን። ስልኩን ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ሥር አስደግፎ ደብተሩን ከፈተ። ካልጋሪ ገና አልነጋም። አባትየው ሥራ ከመግባቱ በፊት ተነስቶ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ በስልክ ሒሳብ ያስጠናዋል። ልጁ ሲሳሳት አባትየው እጁን ወደ ስክሪኑ ይዘረጋል፣ እርሳሱን ሊይዝለት ፈልጎ እንደሆነ ያስታውቃል። አያትየው ቀና ብለውም አላዩ፤ ዕለት ዕለት የሚያዩት ነውና።

የካናዳ ደንብ እንዲህ ይላል። አመልካቹ ዕድሜው ከ22 በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ካለው አብሮት ሄደም አልሄደም በማመልከቻው ላይ መጻፍ አለበት፣ ልጁም የሕክምና ምርመራ ማድረግ አለበት። ሳይጻፍና ሳይመረመር የቀረ ልጅ በኋላ በቤተሰብ በኩል ስፖንሰር ሊደረግ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በዚህ ምክንያት ለተጎዱ አንዳንድ ሰዎች ጊዜያዊ መፍትሔ ተከፍቷል፤ በእሱ ላይ ተማምኖ ዛሬ ልጅ መደበቅ ግን በራስ እጅ በር ዘግቶ ቁልፉን መወርወር ነው። ከዚህም በላይ፣ መደበቁ ራሱ የሐሰት መረጃ መስጠት ነው። ከተደረሰበት ባለቤትሽ ለ5 ዓመት ለካናዳ ማመልከት አይችልም። ካናዳ ገብቶ ከኖረ በኋላ ቢታወቅ ደግሞ ቋሚ ነዋሪነቱን ሊያጣ ይችላል።

ስትጻፍስ ምን «ታወሳስባለች»? አታወሳስብም። አሁን አብራችሁ የማትሄድ ከሆነ «አብራ የማትሄድ ልጅ» ተብላ ትጻፋለች፣ ካናዳ የሾመችው ሐኪም ጋ አንድ ጊዜ ትመረመራለች፣ በቃ። የሚያስቸግረው እናቷን ማስፈቀዱና ልጅቷን ለምርመራ ይዞ መሄዱ ነው። እናትየዋ እምቢ ካለች የሞከራችሁትን ሁሉ በጽሑፍ አቅርቡ እንጂ ልጅቷን ከፎርሙ አታውጧት። አሁኑኑ አብራችሁ እንድትሄድ ከተስማማችሁ ደግሞ የእናትየዋ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንቺም ለልጅቷ የምትፈርሚው ግዴታ ረዘም ያለ ነው፤ 10 ዓመት፣ ወይም 25 ዓመት እስኪሞላት፣ ከሁለቱ የቀደመው። ለባለቤትሽ የምትፈርሚው ግን ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 3 ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ ድጎማ ቢወስድ ገንዘቡን የምትመልሺው አንቺ ነሽ፤ ብትፋቱም ግዴታው አይነሳልሽም። ይህን አንብበሽ፣ ገብቶሽ ፈርሚ።

ከልጅቷ ጋር የተያያዘ አንድ ወረቀት አለ፣ በደብዳቤሽ አላነሳሽውም፦ የባለቤትሽ ፍቺ። ከእናቷ ጋር የተፋታው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሆነ ውሳኔው በእጃችሁ ይኑር። በቃል ብቻ ተለያይተው ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት እሱን ጨርሱ። አንቺን ሲያገባ ከሌላ ሴት ጋር በሕግ የጸና ትዳር ከነበረው ካናዳ የእናንተን ጋብቻ አትቀበልም። የፍቺው ቀን ከጋብቻችሁ ቀን መቅደም አለበት።

ቀን ካነሳን አይቀር፣ በእኛ አገር ፋይል የሚያበላሸው ትልቁ ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። የሸሪዓው ውሳኔ በሂጅራ ሊሆን ይችላል፣ የቀበሌው በኢትዮጵያ፣ ፎርሙ በፈረንጅ። አንድ ሰው «2008» የሚለውን ሳይቀይር ቢገለብጠው ልጅቷ በወረቀት ላይ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ትጨምራለች። ቁጭ ብላችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ሁሉንም ቀኖች በሦስቱም አቆጣጠር ጻፏቸው፣ ከዚያ እየተመለከታችሁ ሙሉ። የአባትና የአያት ስም ስፔሊንግም እንደዚሁ። የባለቤትሽ ስም በጅቡቲ ወረቀቱ ላይ በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ተጽፎ ከፓስፖርቱ ከተለየ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን በደብዳቤ አስረዱ። ጅቡቲ ሦስት ዓመት ስለኖረ የዚያም አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ 6 ወርና ከዚያ በላይ የኖረበት አገር ሁሉ ይታያል። እሱን ቀድማችሁ ጀምሩት፣ ከአገር ውጭ የሚመጣ ወረቀት ሁልጊዜ የመጨረሻው ነው። የኢትዮጵያው ከፌዴራል ፖሊስ የሚወጣው ነው። የጣት አሻራውን አዲስ አበባ ሄዶ ስለሚሰጥ የልጅቷን ምርመራ ከእሱ ጉዞ ጋር ማገናኘት ትችሉ እንደሆነ እዩ፣ በባቡር አብረው ይሄዳሉ።

ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን እንዴት እንደምታሳዪ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም የሠርግ ፎቶ የላችሁም። መኮንኑ የሚያመዛዝነው ትዳሩ እውነተኛ ነው ወይ፣ በዋናነት ለወረቀት ተብሎ የተደረገ ነው ወይ የሚለውን ነው፤ በአንዱ ብቻ ከወደቃችሁም በቂ ነው። ሠርግ ስላልነበረ ፎቶ የለም ብለሽ ጻፊ፣ ያለሽን አቅርቢ፦ የሁለታችሁ ስም ያለበት የቤት ኪራይ ውል፣ ከመምጣትሽ በፊት የተደዋወላችሁበት፣ የላክሽለት ገንዘብ፣ የእርግዝና ክትትል ካርድሽ። አይ ኤም ኤም 5532 የሚባለው ፎርም እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ ስትጋቡ ማን እንደነበረ፣ ቤተሰብ እንዴት እንደተቀበላችሁ ይጠይቃል። ደረቅ መልስ አትስጪው። እናትሽን ድል ጮራ ሆስፒታል ለክትትል ማን ነው የሚወስዳት? ለውዱእ ውኃ ማን ነው የሚያቀርብላት? ባለቤትሽ ከሆነ ይህን በቀላል ቋንቋ ጻፊው። በእናትሽ ካርድ ላይ እንደ አስታማሚ የፈረመበት ወረቀት ካለ ኮፒ አድርጊው። ከተደረደረ መቶ ፎቶ አንድ እንደዚህ ያለ ወረቀት ይበልጣል።

ሰውየው ስለጠየቃችሁ 180 ሺህ ብር አጭር ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የነበረው የካናዳ መንግሥት ክፍያ ለስፖንሰርነት 85፣ ለባለቤትሽ ማመልከቻ 545፣ ለቋሚ ነዋሪነት መብት 575፣ ለጣት አሻራ 85፣ በድምሩ 1,290 የካናዳ ዶላር ነበር። በየሁለት ዓመቱ ስለሚስተካከል ከመክፈልሽ በፊት የመንግሥቱን ድረ ገጽ እዪ። ፎርሞቹ በነጻ ይገኛሉ፣ አንቺም እንግሊዝኛ አታጪም። ሰው ካስፈለገሽ በካናዳ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በስደተኞችና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ አማካሪ ፈልጊ፤ መዝገቡን ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል። ያ ሰው እዚያ ላይ ከሌለ ገንዘቡን አትስጪው። አሳስቶ ቢሞላው የሚቀጣው እሱ አይደለም፣ የፈረመው ባልሽ ነው። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ደግሞ አንቺ በ30 ቀን ውስጥ ለስደተኞች ይግባኝ ክፍል ይግባኝ ማለት ትችያለሽ፤ ባለቤትሽ ከካናዳ ውጭ ሆኖ ማመልከቱ ይህን መብት ይሰጥሻል።

ስለሚወለደው ልጅሽ አትጨነቂ። አንቺ ዜግነት ከወሰድሽ በኋላ የሚወለድ ስለሆነ ድሬዳዋ ቢወለድም ካናዳዊ ነው፤ ስፖንሰር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የዜግነት ማረጋገጫ ሰርተፍኬት ነው፣ ከዚያ ፓስፖርት። ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቢ። በዚያን ጊዜ ማመልከቻው ገብቶ ከሆነ መወለዱን ለቢሮው አሳውቂ።

ባለቤትሽ ግራ መጋባቱን ጽፈሽልኛል። እኔ ግራ መጋባቱን ወድጄዋለሁ፤ ልጁን ከወረቀት ላይ መሰረዝ እንደከበደው ነው የሚነግረኝ። ነገ ሳትሉ ቅዳሜ አብራችሁ ሐረር ሂዱ። አንቺ ከፊት አትሁኚ፣ እሱ ከልጅቷ እናት ጋር ይነጋገር፤ ካናዳ የምትለው ምርመራ ምን እንደሆነ፣ ልጅቷን ከእናቷ ለመንጠቅ እንዳልሆነ ይንገራት። ልደቷ ካልተመዘገበ ዘግይቶም ቢሆን ማስመዝገብ ይቻላል፣ እዚያው አስጀምሩት። ሰርተፍኬቷ ሲወጣ የአባቷ ስም በባለቤትሽ ፓስፖርት ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን፣ ከመስኮቱ ሳትርቁ አይታችሁ ተቀበሉ።